ከችሎት ወደ ድርድር፦ የሕግ ባለሙያው የንግድ ተደራዳሪ እና የራያ ቆላ ገበሬ

(ለሕግ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ አንድ የሙያ ጉዞ ነው፤ ሕግ ተምሮ የመንግሥት የንግድ ተደራዳሪ ስለሚሆን ሰው። በሀገራችን ስለዚህ ሰው ብዙ አይወራም። ጠበቃው በችሎት ቆሞ ይታያል፤ ዳኛው ፍርዱን በአደባባይ ያነብባል። ተደራዳሪው ግን የሚሠራው በር ተዘግቶ ነው። የሥራው ፍሬ የሚታወቀውም ከፊርማው ዓመታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም እርሱ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ መልካም ሲሠራ የሚያመሰግነው፣ ሲሳሳትም የሚጠይቀው እምብዛም አይገኝም።

ነገሩን ከቆቦና ከራያ ቆላ ጋር አያይዤ ለመናገር መርጫለሁ። ከዞብል ተራሮች በስተምዕራብ የተዘረጋው ያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣበት፣ በቅርብ ዘመንም ከከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት የጀመረበት ምድር ነው። ከጄኔቫ የስብሰባ አዳራሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። የእኔ ክርክር ግን ይህ ነው፦ የንግድ ተደራዳሪ ብቃት በዋናነት የሚለካው በአንደበቱ ርቱዕነት አይደለም፤ ከመፈረሙ በፊት ፊርማው የማንን ማሳ እንደሚነካ ለይቶ በማወቁ ነው። የሕግ ትምህርት ለዚህ ግማሹን ስንቅ ይሰጣል። ሌላውን ግማሽ ከየት እንደምናገኘው በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የራስ አሊ ፊርማ

የንግድ ውል ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከየጁ የተነሣው የወረሴህ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ታላቅ ገዥ ራስ አሊ በ1849 ከብሪታንያው ቆንስል ከዋልተር ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈርመዋል። ረቂቁን ይዞ የመጣው ፕላውደን ነበር። ራሱ ፕላውደን በጻፈው ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ራስ አሊ ውሉ ጉዳት እንደሌለው፣ ነገር ግን ብዙም ጥቅም እንደማይታያቸው ገልጸውለታል፤ ሀገሪቱ በነበረችበት ሁኔታ በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት እንኳ የእንግሊዝ ነጋዴ ይመጣል ብለው አልጠበቁምና።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን የራስ አሊን አስተያየት እንደ ቀልድ አላየውም። ስለ ዕለቱ ሁኔታ የተናገሩት ትክክል ነበር፤ ነጋዴው በእርግጥም አልመጣም። ነገር ግን ውል የሚጻፈው ለዕለቱ አይደለም። «ዛሬ ምንም አይጎዳንም» ብሎ የሚፈርም ሰው ነገ ለሚመጣው ሁሉ ቃል ሰጥቷል። ያን ጊዜ ከራስ አሊ ጎን ቁጭ ብሎ «ይህ አንቀጽ ነጋዴው በመጣ ጊዜ ምን ያስከትላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። የንግድ ተደራዳሪ ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለል ቢባል ይህ ጥያቄ ይበቃል።

የጥያቄው ክብደት የታየው ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በጥር ወር 1908 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር በተፈራረሙት ውል የፈረንሳይ ዜጎች በቆንስላቸው በኩል የሚዳኙበት ሥርዐት ተተከለ፤ በአብዛኛው ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥም ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሌሎች መንግሥታትም «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል» እያሉ በዚያው በር ገቡ። ስለዚህ ከአንድ መንግሥት ጋር የተጻፈ አንቀጽ ከሁሉም ጋር የተጻፈ ያህል ሆነ። ዛሬ በሕግ ክፍል ውስጥ «የተመረጠ አገር መርሕ» ብለን የምናስተምረው ነገር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን የተኖረ ገጠመኝ ነው።

ቡናውና ጤፉ

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ሕግ ተምሮ ተደራዳሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት የአቶ ጌታቸው መንግሥቴን ሥራ ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። አቶ ጌታቸው የሕግ ባለሙያ ናቸው፤ በ2003 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። በ2005 ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የሥራው መሪ እርሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የሕግ ምርጫውን ነው። ብዙ የውጭ አማካሪዎች ይመክሩ የነበረው ስሞቹ በመልክዓ ምድራዊ አመላካችነት እንዲጠበቁ ነበር። መንገዱ በመጽሐፍ ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ከረጢት ቡና ከተባለው ቦታ መምጣቱን፣ ጥራቱም የተባለውን ያህል መሆኑን የሚያረጋግጥ የቁጥጥር ሥርዐት ይጠይቃል። ቡናው የሚመረተው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች ላይ፣ አብዛኛውም በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ተጭኖ ወደ ገበያ በሚወጣበት ሀገር የቁጥጥሩን ወጪ የሚሸከመው ማነው? አቶ ጌታቸውና ባልደረቦቻቸው የንግድ ምልክትን የመረጡት ገበሬው እንዴት እንደሚኖር ስለሚያውቁ ነው። ሕጉ አማራጩን ሰጠ፤ ምርጫውን የወሰነው ግን የሀገር ዕውቀት ነው።

መንገዱ ቀና አልነበረም። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ የ«ሐረር» እና የ«ሲዳሞ» ማመልከቻዎች በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ተደረጉ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል የያዘ የራሱን ማመልከቻ ቀደም ብሎ አስገብቶ ነበር። ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት ክርክር ብቻ ሳይሆን ኦክስፋምን የመሰሉ ድርጅቶች በገቡበት የአደባባይ ዘመቻ ጭምር ታግዞ፣ በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚያውቅ የፈቃድ ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ክፍያ የሚጠይቅ አልነበረም። ኢትዮጵያ የፈለገችው የስሞቹ ባለቤት መሆኗ እንዲታወቅና ስሞቹ በገበያ እንዲከበሩ ነበር፤ ያንን አገኘች።

በዚያው በ2005 ግን ሌላ ውልም ተፈርሟል፤ እርሱም ለራያ ይበልጥ የቀረበውን ሰብል፣ ጤፍን የሚመለከት ነው። የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ሔልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን የመጠቀምና ጥቅሙን የመጋራት ስምምነት አደረጉ። በዘመኑ ስምምነቱ ለሌሎች ሀገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ከእርሱ ጋር ዝምድና ባላቸው ሌሎች ኩባንያዎች እጅ ቀረ። ኢትዮጵያ በስምምነቱ ያገኘችው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ፓተንቱ በኔዘርላንድ የፈረሰው በ2018 በሔግ ፍርድ ቤት ነው። ያፈረሰው ግን የኢትዮጵያ ክስ አይደለም፤ ፓተንቱ ሥራዬን አወከብኝ ያለ ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ በገባበት ሙግት ነው። የጤፍ ባለቤት የሆነችው ሀገር በራሷ እህል ክርክር ላይ ከችሎቱ ውጭ ነበረች።

ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልዩነቱ በሕግ ዕውቀት ማነስና መብዛት ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። የጤፉም ውል በሕግ ባለሙያ የተረቀቀ፣ አንቀጾቹም የተሟሉ ነበሩ። የጎደለው ያው የራስ አሊ ጊዜ ጥያቄ ነው፤ «ኩባንያው ቢከስርስ? ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ቢተላለፍስ? ውል የገባልን ወገን ከሌለ ማንን እንጠይቃለን?»። ጠበቃ ውል ሲጣስ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ተደራዳሪ ግን የሚጥሰው ሰው እንኳ ባይገኝ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከጄኔቫ እስከ ብሔራዊ ባንክ

የዓለም ንግድ ድርጅት ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ውል ነው። ኢትዮጵያ በ2003 ለአባልነት አመለከተች፤ በዚያው ዓመት የሥራ ቡድን ተቋቋመላት። የመጀመሪያው የሥራ ቡድን ስብሰባ የተካሄደው በ2008 ነው፤ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2012። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ዝምታ ሆነ። አራተኛው ስብሰባ በጥር ወር 2020 ሲደረግ ዋና ተደራዳሪው አቶ ማሞ ምሕረቱ ነበሩ።

የአቶ ማሞ የሥራ ጉዞ ዛሬ የምንነጋገርበትን ሙያ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ሕግ ተምረዋል፤ በሐርቫርድ የሕዝብ አስተዳደር አጥንተዋል፤ በዓለም ባንክ ቡድን ውስጥ ሠርተዋል። ከዚያም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፍተኛ አማካሪና የሀገሪቱ ዋና የንግድ ተደራዳሪ ሆኑ። በ2022 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ በ2023 ደግሞ የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2025 በገዥነት ቆይተዋል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው ሕግ በምክር ቤት ሲጸድቅ የባንኩ ገዥ እርሳቸው ነበሩ። የፋይናንስ ዘርፉ ለውጭ ባለሀብት መከፈት በኢትዮጵያ የአባልነት ድርድር ላይ ሲነሣ የኖረ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በድርድር ወንበር ላይ ሳሉ ከሌሎች ሀገሮች ይቀርብ የነበረው ጥያቄ፣ በሌላ ወንበር ላይ የሚያስፈጽሙት ሥራ ሆኖ ጠበቃቸው።

ከዚህ ጉዞ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው በ2021 ከታየው የአጎዋ ጉዳይ የሚወሰድ ነው። በዚያ ዓመት መኸር፣ ቆቦን ጨምሮ ሰሜን ወሎ በጦርነት ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ለማስወጣት ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ማሞ እርምጃው በፖለቲካው ውስጥ የሌሉበትን የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ እንደሚጎዳ በይፋ ተከራከሩ። ክርክሩ አልሰመረም፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ዕድሉ ተቋረጠ። እንደ ሐዋሳና ኮምቦልቻ ያሉት የኢንዱስትሪ ፓርኮች የተመሠረቱበት ስሌት ተናጋ።

የሕግ ተማሪ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት «ለምን አልከሰሱም?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አጎዋ ውል አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ያወጣው የራሱ ሕግ ነው። የሰጠው ወገን መመለስ ይችላል። በድርድር የተገኘና በሠንጠረዥ የተመዘገበ ግዴታ ግን እንዲህ በአንድ ወገን ውሳኔ አይነሣም፤ ቢጣስ የሚጠየቁበት ሥርዐት አለው። ለዚህ ነው አባልነትን እንደ ሸክም ብቻ የሚያዩትን የማልቀበለው። ገመዱ እኛን የሚያስረውን ያህል ሌላውንም ያስራል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ተቋም ትውስታ ነው። ከ2012 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ውስጥ መንግሥት ተለወጠ፤ ባለሙያ ተቀያየረ። አምስተኛው ስብሰባ በመጋቢት 2025 ሲደረግ ደግሞ የልዑካኑ ፊት ሌላ ነበር። የሌሎች ሀገሮች ተወካዮች ግን ከዐሥር ዓመት በፊት የሰጠነውን መልስ በፋይል ይዘው ይመጣሉ። ጥሩ ተደራዳሪ ወደ ሌላ ሹመት መሄዱ የተለመደ ነው፤ መሄዱ ራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሚሆነው ዕውቀቱ አብሮት ሲሄድ ነው።

የድርድሩ ቃላት በቆቦ ማሳ

አሁን ሠንጠረዡን ገልጠን ወደ ቆቦ እንውሰደው።

የዓለም ንግድ ድርጅት በ2012 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አዲስ የሚገቡ እጅግ ያላደጉ ሀገሮች የግብርና ዕቃዎቻቸውን ሁሉ በአማካይ ከመቶ 50 በሆነ የቀረጥ ጣሪያ እንዲያስሩ ይጠበቃል። ከግብርና ውጭ ካሉት ዕቃዎች ደግሞ ከመቶ 95ቱን በአማካይ ከመቶ 35 በሆነ ጣሪያ ማሰር እንደ መለኪያ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍ ከፍተኛው መደብ ለረጅም ጊዜ ከመቶ 35 ሆኖ የቆየ በመሆኑ፣ ጣሪያው ሰፊ ቦታ የሚሰጥ ይመስላል። ነገር ግን አማካይ ማለት እያንዳንዱ ዕቃ ማለት አይደለም። ለአንዱ ከፍ ያለ ጣሪያ ከተያዘ ለሌላው ዝቅ ማለት አለበት። ማሽላ ከየትኛው ወገን ይሁን? ሽንኩርትስ? የምግብ ዘይትስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ራያን ማወቅ አለበት። የራያ ቆላ ዝናብ የማይታመን ነው፤ ዝናቡ በጠፋበት ዓመት ማሽላ ከውጭ በርካሽ ቢገባ ነፍስ ያድናል። መኸሩ በሠመረበት ዓመት ግን፣ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል በአዝመራ ሰሞን ሲሸጥ ከውጭ የገባ ርካሽ እህል ገበያውን ካጥለቀለቀው የዓመት ልፋቱ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁልጊዜ የሚከፈል ከፍ ያለ ቀረጥ ሳይሆን፣ ባስፈለገ ጊዜ ከፍ ማድረግ የሚያስችል ጣሪያ ነው። ይህ ልዩነት በቃላት ደረጃ ቀጭን ነው፤ በማሳ ላይ ግን ሰፊ ነው። በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ውስጥም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። ከዕቃዎቹ መደቦች ከመቶ 90ው ከቀረጥ ነፃ ሲሆን፣ ከመቶ 7ቱ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጣቸው፣ ከመቶ 3ቱ ደግሞ ከነፃነቱ ውጭ የሚቆዩ ናቸው። በዚያች ከመቶ 3 ውስጥ ለመግባት የሚሻማው ዕቃ ብዙ ነው፤ ጠበቃ የሌለው ዕቃ ወደ ውጭ ይገፋል።

ሁለተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ተቆፍሮ በመስኖ ይለማል። መንግሥት የሚያወጣው ይህ ገንዘብ የተከለከለ ድጎማ ይሆን? ሕጉን ያላነበበ ባለሥልጣን ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ወይም ያለ አስፈላጊነቱ ቃል ይገባል። የግብርና ስምምነቱን ያነበበ የሕግ ባለሙያ ግን ለሕዝብ የሚሠሩ የውኃ አውታሮች በሁለተኛው አባሪ ነፃ መሆናቸውን፣ በማሳው ላይ የሚዘረጋው ቧንቧ፣ የማዳበሪያና የዘር ድጋፉ ደግሞ ለታዳጊ ሀገሮች በተለየ በአንቀጽ 6 ንኡስ አንቀጽ 2 ከለላ ሊያገኝ እንደሚችል ያውቃል። ከለላውን ለማግኘት ግን ድጋፉ ለአነስተኛ ገበሬዎች በአጠቃላይ የሚደርስ መሆኑን በመረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ያ መረጃ ጄኔቫ የለም፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ነው ያለው።

ሦስተኛው ዘር ነው። የራያ ቆቦ ገበሬ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉትን የማሽላ ዝርያዎች ከአባቱ ተቀብሎ፣ ከማሳው መርጦ፣ ለጎረቤቱ አካፍሎ ያቆየ ነው። በሌላ በኩል አቀንጭራን የሚቋቋሙ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ከቆቦ በስተደቡብ ያለችውን የጎብዬን ከተማ ስም ይጋራል። ከአቀንጭራው ምርምር ጀርባ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አሉ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በቆቦ ሙከራ ያካሂዳል። በሀገራችን የአዝርዕት አዳቃዮች መብት በ2006 በአዋጅ ቁጥር 481፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1068 ተደንግጓል። አዳቃዩም ገበሬውም መብት አላቸው። እጅግ ያላደጉ ሀገሮች የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን ሙሉ በሙሉ እንዲፈጽሙ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሐምሌ 2034 የተራዘመ ሲሆን፣ አዲስ ገቢ ሀገር ግን ጊዜውን በድርድር እንዲተው ሊጠየቅ ይችላል። «እንፈጽማለን» ብሎ በፍጥነት መመለስ ቀላል ነው። ያ መልስ ገበሬው ዘር ከማሳው መልሶ በመዝራቱ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሳያሰላ የሚመልስ ተደራዳሪ የጤፉን ታሪክ ይደግመዋል።

በመጨረሻም በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለው ነገር ላንሣ። ከራያ ወደ ውጭ የሚወጣውን ነገር ብንቆጥር፣ እህል ብቻ አናገኝም፤ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደውን ወጣት ጉልበት እናገኛለን። የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ስምምነት ስለ ሰዎች እንቅስቃሴ ይናገራል። አባሪው ግን የውጭ ሀገር የሥራ ገበያ ውስጥ ለመግባት የሚፈልጉ ሰዎችን ጉዳይ ከስምምነቱ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የራያ ቤተሰብ ጣራ የሚያለብስበት፣ ልጅ የሚያስተምርበት ገቢ በጄኔቫ አይዳኝም፤ በሁለትዮሽ የሥራ ስምምነቶች ነው የሚወሰነው። እነዚህ ስምምነቶች ከንግድ ድርድር ባላነሰ ብርቱ ተደራዳሪ ይሻሉ። የንግድ ተደራዳሪነትን ስናስብ ይህን ድርድር ከሒሳብ ማውጣት የለብንም።

ለነገው ተደራዳሪ

ሌላው ግማሽ ስንቅ ከየት ይገኛል ብዬ ነበር። እስካሁን የዘረዘርኋቸው ጥያቄዎች መልሳቸው ያለው በዚህ አካባቢ ነው፤ በገበያ ዋጋ፣ በወረዳ መዝገብ፣ በምርምር ጣቢያ፣ በገበሬው ትውስታ። ስለዚህ ከዋና ከተማ የራቀ የሕግ ትምህርት ቤት ለንግድ ድርድር ሩቅ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበልም። እንዲያውም ቅርቡ እርሱ ነው።

ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ የስምምነቱን አንቀጽ ብቻ አትተንትኑ፤ አንቀጹን ይዛችሁ ቆቦ ገበያ ግቡ። የማሽላ ዋጋ በኅዳር ስንት ነው፣ በሰኔስ ስንት ይደርሳል? የዘር ልውውጡ በምን መንገድ ነው? የመስኖው ድጋፍ ለማን ደርሷል? ከግብርና እና ከምጣኔ ሀብት ክፍል ተማሪዎች ጋር ተጣምራችሁ ሥሩ፤ ቁጥር የማያነብ የሕግ ባለሙያ በድርድር ላይ ግማሽ አካል ነው። የሠራችሁትንም በመደርደሪያ አትቅበሩት። ትምህርት ቤታችሁ በየዓመቱ የሚሰበሰበውን መረጃ አደራጅቶ ለሚመለከተው ሚኒስቴር ቢያቀርብ፣ ተደራዳሪ ቢቀየር እንኳ የማይቀየር ትውስታ ይኖራል።

ከእናንተ መካከል አንዳችሁ ነገ በዚያ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል። ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሰዎች ከእናንተ የተሻለ እንግሊዝኛ፣ የበለጠ ገንዘብ፣ የቆየ ልምድ ይኖራቸው ይሆናል። እነርሱ የማይኖራቸው አንድ ነገር አለ፤ የአንድ የራያ ገበሬ ዓመት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ። ያንን ይዛችሁ ከገባችሁ «ይህ አንቀጽ ነገ ምን ያስከትላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖራችኋል፤ መልሱ ከሌላችሁም ቢያንስ ለመፈረም አትቸኩሉም።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።